ልጅዎ ገባ

«ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ልጅዎ ገባ። እንኳን ደስ ያለዎት» አለና ይፍሩ ስልኩን ዘጋ።

ይፍሩ የጭማቂ ፋብሪካው ዘበኛ ነው። ከገረሴ ደጋ የወረደ፣ አፉን በጋሞኛ የፈታ ሰው ስለሆነ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሚስቱን እንኳ «መጣ» ነው የሚላት። ሀብተጊዮርጊስ ከሁለቱ ልጆቹ የትኛው እንደገባ ሊጠይቅ መልሶ ቢደውል አላነሳም።

ፋብሪካው ምዕራብ ዓባያ ሲተከል፣ መሬት ከለቀቀ ቤት ሁሉ አንድ ልጅ እቀጥራለሁ ብሎ ነበር። የቀበሌውን ትምህርት ቤት ጣራ ቆርቆሮ ያለበሰውም ፋብሪካው ነው፤ ሁለቱ ልጆች፣ ዳግምም ብሩክታዊትም፣ እዚያ ተምረዋል። ዛሬ ለቤታቸው ለደረሰው አንድ ቦታ ሁለቱም ሊፈተኑ ሄደዋል። ብሩክታዊት ካልተቀጠረች ዐረብ አገር ለመሄድ ከደላላ ጋር ጨርሳለች። አባቷ እሷ በገባች ብሎ ሲጸልይ ነው የከረመው።

ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። የሙዙን ማሳ አቋርጦ ወደ ፋብሪካው ገሰገሰ። ከበሩ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ዳግም ብቻውን ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የእህቱን ነጠላ ጫማ ይዟል።

«ቦት ጫማ ሰጥተው ወዲያው አስገቧት» አለ።

ሀብተጊዮርጊስ ተመስገን ሊል አፉን ከፈተና የልጁን ፊት ሲያይ ዋጠው።

«በል እንጂ አባዬ፣ ተመስገን በል። እኔም ደስ ብሎኛል።» ዳግም የጫማውን አቧራ አራገፈ። «ደላላው አሁን ደውሎ ነበር። እንደገባች ስነግረው፣ ዐረብ አገር ለወንዶችም ሥራ አለ አለኝ።»