ሰርቪሱን ያስቀረች አውሮፕላን

አቶ ኢያቄም እንግሊዝ አገር ስምንት ቀን ቆይቶ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ሌላው ሰው ጫማ ይዞ ይመጣል፣ ቸኮሌት ይዞ ይመጣል። የእኛ ጌታ ግን የማያውቀውን የሞተ ፈረንጅ ፎቶ አሳድጎ፣ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ፣ በካልሲና በሸሚዝ ጠቅልሎ ለቡ ድረስ ተሸክሞት መጣ። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን ስለማይሰማኝ «እሱ» እለዋለሁ፤ ይኼም በዛበት።

ፀሐይወርቅ እባላለሁ። በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ። ፋብሪካው ቱታ፣ የጥበቃ ዩኒፎርምና የሆስፒታል ጋዋን ይሰፋል። እኔ ደግሞ አቶ ኢያቄም የሚያወራውን፣ ሰው ሊሰማው በሚችል አማርኛ እጽፋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ጻፍኩለት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአፉ አንድ የረባ ዓረፍተ ነገር ሲወጣ አልሰማሁም፤ በጋዜጣ ያነበባችሁት ካለ የእኔ ነው።

ፎቶው ላይ ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ቆማለች። ጭራዋ ላይ የኩባንያ ስም ተጽፏል፤ ቱታ የሚገዛን የእንግሊዝ ደንበኛችን ስም ነው። አጠገቧ ስምንት ወንዶች ተደርድረዋል፤ መሀላቸው ያለውን ጢማም አቶ ኢያቄም ጌታቸው ነው ይላል። የዛሬው ባለቤት አያት በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ውስጥ የገዛት ናት አሉ። አቶ ኢያቄም አውሮፕላኗ ላይ አልወጣም፤ አውሮፕላኗም ከተሸጠች ስድሳ ዓመት ሆኗታል። ደንበኛችን ቢሮ ግድግዳ ላይ አይቷት ነው እንዲህ የሆነው።

«ኩባንያ ማለት ይኼ ነው» አለኝ ፍሬሙን ከንግድ ፈቃዱ ጎን እያሰቀለ። «እኛ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ መሬት ለመሬት ስንድህ ኖርን።»

የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓላችን ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ለበዓሉ በምናሳትመው መጽሔት ላይ ስለ እንግሊዝ ኩባንያዎችና ስለ ግል አውሮፕላኖቻቸው ታሪክ ሦስት ገጽ እንድጽፍ አዘዘኝ። ከጽሑፉ መሀል የራሱ ፎቶ ይገባል፤ እሱ የግድ ነው። ቀጥሎ ዋናውን ነገር ነገረኝ። ስድስት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን በዓመት ውል ሊከራይ ነው። ሐዋሳ ትንሽ ቅርንጫፍ ስላለን ወደዚያ ይመላለስባታል። ሐዋሳ መደበኛ በረራ እንዳለ ያውቃል። በመኪናም ቁርሱን እዚህ በልቶ ለምሳ ይደርሳል። እሱ ግን ጭራዋ ላይ ስሙ የተጻፈባት ነገር ነው ያማረው።

«ወጪውን ለማቻቻል ሁለቱ ሰርቪሶች ይሸጣሉ። ለሠራተኛው ትንሽ የታክሲ አበል እንሰጠዋለን» አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምን ይመስልሻል? አንቺ ከሠራተኛው ጋር ነው የምትመጪው። እውነቱን ንገሪኝ።»

ጠበቀኝ። ይኼን መደበቅ አልችልም፤ እጁን አጣጥፎ እያየኝ ጠበቀኝ። የምለውን አውቄዋለሁ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው ጌታዬ» አልኩት።

ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። እዚያ ቢሮ ውስጥ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አላውቅም፤ እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅምና።

ሰርቪሳችን ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ አድርጎ፣ እኔን ሃና ማርያም ላይ ጭኖ፣ በሀይሌ ጋርመንት በኩል ለቡ ይገባል። ሰርቪስ ላይ ወንበር በደብዳቤ አይሰጥም፤ የማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። አዲስ ሠራተኛ የሰው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ማንም አይናገረውም፤ ባለቤቱ መጥቶ አጠገቡ ይቆማል፣ እሱም ራሱ ገብቶት ይነሳል። ከሹፌሩ ከምትኩ ኋላ ያለው ሁለተኛ ወንበር የእኔና የአረጋሽ ነው። አረጋሽ ኮዬ ላይ ገና ሳይነጋ በአሥራ አንድ ሰዓት ትሳፈራለች፤ እኔ ስደርስ መስኮቱን ተደግፋ አንድ እንቅልፍ ጨርሳለች። ቁልፍ መትከያ ማሽን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ግራ ጉልበቷ ያብጣል።

ወሬው ከእኔ በፊት ሰርቪሱ ላይ ወጥቶ ነበር።

«ፀሐይዬ፣ ሰርቪሱ ሊሸጥ ነው ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ አረጋሽ።

«እስቲ እናያለን።»

«እሱ ከቀረ እኔም ቀረሁ ማለት ነው። ሦስት ታክሲ ነው። እሺ ገንዘቡን ይሰጡናል እንበል፤ ይኼ ጉልበት ሰልፍ ይቆምልኛል?» ጉልበቷን እንደ ባለጌ ልጅ መታ መታ አደረገችው። «አንቺ ቢሮ ነሽ፤ የምትሰሚው ነገር ካለ ቀድመሽ ንገሪኝ።»

እነግርሻለሁ አልኳት። አንጀቴን በላችው፤ በዚያው ልክ ሰውዬው ይበልጥ አስጠላኝ። ያን ቀን ነው በጽሑፉ ላሳፍረው የወሰንኩት። ስድብ አያስፈልግም፤ የፈለገውን ታሪክ እውነቱን ብቻ አድርጌ እሰጠዋለሁ አልኩ። ራሴን እንደ ጀግና ቆጠርኩት።

አነበብኩ። አንዳንድ የነዳጅ ኩባንያዎች ቀድመው አውሮፕላን ነበራቸው፤ የተስፋፋው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዝ አገር ሥራ የፈታ አብራሪ ሞልቷል። ፋብሪካዎቹ እዚህም እዚያም፣ አንዳንዶቹም ባሕር ማዶ ተበታትነዋል። አየር መንገዶቹ ትልልቅ ከተሞችን እንጂ ጭስ የበዛባትን የብረት ማቅለጫ ከተማ ዞር ብለው አያዩም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ስምንት ሰው ገደማ የምትይዝ፣ በቋንቋቸው ርግብ የሚሏትን ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን እየገዙ ጭራዋ ላይ ስማቸውን ይጽፉ ጀመር። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ጄት መጣ፤ አለቆቹም ሶፋ አስገቡበት። ግን ሁሉም እንደዚያ አልነበረም። አንድ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲሶቹን ከእንግሊዝ ጀርመን ያመላልስ ነበር፤ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ይኼን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰርቪስ ነው እኮ። ክንፍ ያለው ሰርቪስ። ቢዝነስ የቀዘቀዘ ጊዜ ደግሞ ባለአክሲዮኖች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አውሮፕላኑ ነበር።

ለደንበኛችንም ጻፍኩ። ጡረታ የወጣች የድሮ ጸሐፊያቸው ረጅም መልስ ላከችልኝ። ፎቶው ላይ ያሉት ስምንት ሰዎች አለቆች አይደሉም፤ መካኒኮች ናቸው። ኩባንያው ባሕር ማዶ አየርላንድ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው፤ እዚያ ማሽን ሲቆም አውሮፕላኗ መካኒኮቹን ይዛ ትሄዳለች። አያትየው ፎቶው ውስጥ የለም። እሱ ወደ አየርላንድ የሚሄደው በባቡርና በመርከብ ነበር፤ «እኔን የሚጠብቀኝ ወረቀት ነው፣ እነሱን ግን የቆመ ማሽን ይጠብቃቸዋል፣ ወንበሩ ለእነሱ ይሁን» ይል ነበር አለችኝ።

ከዚህ የበለጠ ምን ልፈልግ? አቶ ኢያቄም በየቀኑ ጠዋት ቡናውን ይዞ ፊቱ የሚቆመው ሰውዬ፣ ያ ጢማም፣ ጌታው መስሎት ዓይን ዓይኑን የሚያየው፣ መካኒክ ነው። ሁሉንም ጻፍኩት። ባለቤቱ በባቡር እንደሄደ ራሱን በቻለ አንቀጽ አስቀመጥኩት። ከእነዚህ ኩባንያዎች ብዙዎቹ አውሮፕላን የገዙት ሠራተኛቸው ሥራው ላይ በሰዓቱ እንዲደርስ ነው ብዬ ዘጋሁት። ከዚህ በላይ ግልጽ አማርኛ የለም። አንብቦ ፊቱ ሲቀላ ይታየኝ ነበር።

ሦስቱንም ገጽ ፊቴ አነበበ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። ሲጨርስ ፊቱ አልቀላም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ፀሐይወርቅ፣ ይኼን ነው ስፈልግ የነበረው» አለኝ።

በዓሉ ፋብሪካው ግቢ ድንኳን ተጥሎ ተከበረ። ሠራተኛው በሙሉ አለ፤ ክፍለ ከተማውም ሰው ልኳል። አቶ ኢያቄም ማይኩን ያዘና ጽሑፌን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንድ ቃል አልዘለለም፤ የባቡሩንም አነበበ። ከዚያ መጽሔቱን አጠፈና «እንግሊዞቹ ሠራተኛቸውን በአውሮፕላን እንዳመላለሱ ሰምታችኋል፣ እኛም ከአሮጌ አውቶብስ ወደ አየር ልንሸጋገር ነው» አለ። ሰርቪሶቹ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቆማሉ። በእነሱ ፋንታ በየወሩ አንድ ምርጥ ሠራተኛ ከእሱ ጋር ወደ ሐዋሳ ይበራል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ደንቆሮ ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር ያን ቀን። አሁን ሳስበው ግን ባለቤቱ ማይክ ይዞ ሲናገር የማያጨበጭብ ማነው? እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የመጀመሪያዋን በራሪ ስም ስጪኝ ሲለኝ የአረጋሽን ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም። ምናልባት የሰርቪሱን የሚክስላት መስሎኝ ይሆናል።

እሷ ደስ አላት፤ ነገሩን ይበልጥ የሚያበሽቀው ይኼ ነው። ነጭ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ቦሌ ሄደች። ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ከአቶ ኢያቄም ጎን አቁመን ፎቶ አነሳናት። ሐዋሳ አንድ ሰዓት ቆይተው ተመለሱ። በማግስቱ ሰርቪስ ላይ ሁሉም ከበባት፤ ሰርቪሱ ገና አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

«ደመናው ከታች ነው፣ ከታች። ጉልበቴ ራሱ አላመመኝም» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሐዋሳ ቦሌ ግማሽ ሰዓት። ከቦሌ ኮዬ ግን ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ ፀሐይዬ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሰልፉ አያልቅም።»

ሰርቪሱ ቆመ። ምትኩ ቁልፉን አስረክቦ ሄደ። እኔ ከሃና ማርያም አንድ ታክሲ ነው፤ አልተቸገርኩም። አረጋሽ መጀመሪያ ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሳች ደረሰች። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን አረፈደች። በሦስተኛው አንድ ቀን ጭራሽ አልመጣችም፤ ሰልፍ ላይ ጉልበቷ ከድቷት ወድቃ ሰዎች ናቸው ቤቷ ያስገቧት። የሰው ኃይል አስተዳደር አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፣ ደገማት፣ ከዚያ የስንብቱን ደብዳቤ ጻፈላት። የደብዳቤውን አማርኛ እንዳስተካክል ወደ እኔ ላኩት። ሁለት ቦታ አራት ነጥብ ጨመርኩበት።

የመጨረሻ ቀኗ ወደ ቢሮዬ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች፤ አንዴ ከተቀመጠች መነሳቱ ያማታል። በእጇ መጽሔቱን ይዛለች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው አሉኝ።»

«አዎ።»

«ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ሰውዬው በባቡር ሄደ የሚለውን ደግማ አነበበችልኝ፤ አለቀስኩ። ደግ ሰው ነበር።» መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ የእኛው ሰውዬ ይኼን ሁሉ አንብቦ እንዴት ሰርቪሱን ሸጠው? የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው? ከመሸጡ በፊት አንድን ሰው እንኳ ምን ይመስልሃል ብሎ አልጠየቀም?»

ከእኔ ወንበር እስከ እሱ በር አምስት እርምጃ ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ስልክ እያወራ ሲስቅ ይሰማል።

«ማንንም አልጠየቀም» አልኳት።

«አይ እሱ» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ጠይቆ ቢሆን ኖሮ አንቺ ትነግሪው ነበር።»

አቀፈችኝ፤ በቀኝም በግራም ሳመችኝ። ከዚያ የበሩን ፍሬም ደግፋ ወጣችና ደረጃውን አንድ በአንድ መውረድ ጀመረች።