ተራራ ላይ የደረሰ መርዶ

ጀማነህ ተራራውን ሲወጣ እየዘፈነ ነበር። በኋላ ከሁሉ ያንገበገበው ይኸው ነው።

ከኮለምበስ ማልደው የወጡት ጓደኛው ያደታ ወጥሮ ይዞት ነው። «ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ውስጥ የድሮ ዘመን ከተማ አለች፤ የከሰል ባቡሯ ዛሬም ይጮኻል። መጋዘን ውስጥ ሻግተህ ልትቀር ነው? ሞተርህን አስነሳ!» አለው። ስልኩንም ተቀበለው። «ሱፐርቫይዘርህ ኮል ካደረገህ ኦቨርታይም ብለህ ከመንገድ ትመለሳለህ። እኔ ጋ ይቀመጥ።»

የሄልሜታቸው መነጋገሪያ የተገናኘ ስለሆነ ጠመዝማዛውን መንገድ እየተቀላለዱ ወጡት።

«ቀስ በል፣ አንተ የዋይትሆል ሰፈር ፈረሰኛ!»

«አንተ ነህ በቅሎ ላይ የተቀመጥከው!»

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ያደታ ስልክ ተደወለለት። ለሁለቱም እንደሚሰማ ረስቶ አነሳው። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ሂሩት ነበሩ።

«ያደታ ልጄ፣ እፀገነት ዛሬ ተቀበረች። ነገ ሲነጋ ካህኑን ይዘን ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ ፌስቡክ እንዳይከፍት አደራ።»

«እትዬ ይዝጉት! ይዝጉት!»

እፀገነት የጀማነህ እህት ናት። አዲስ አበባ ሆስፒታል መግባቷን ያውቅ ነበር። ትኬት ልቁረጥ ሲል «ተሽሏታል፣ አትቸኩል» ያሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ጀማነህ መሪውን ይዞ ቀጠለ። ከፊቱ መታጠፊያ ነበረ፤ ታጠፈ። ሌላም ነበረ። ሄልሜት ውስጥ እንባ አይጠረግም።

ከተማዋ መሃል ቆሙ። ከረሜላ ሻጮቹ መሬት የሚጠርግ የጥንት ቀሚስ ለብሰዋል። ባቡሩ ጮኸ፤ ቱሪስቱ አጨበጨበ።

«መቼ ሞተች?»

«ጀሜ፣ ስማኝ...»

«መቼ ነው ያልኩህ!»

«ረቡዕ። ብቻህን እንዳትሰማው ብለን ነው እኮ። ወጉ ነው። ጓደኛችንን የአብሥራን የአባቱን ሞት ስናረዳ አንተስ አብረኸን አልነበርክም?»

«የየአብሥራ አባት ከተቀበሩ በኋላ ነው የሰማነው! እኔ ረቡዕ ብሰማ ሐሙስ እበር ነበር። አስከሬኗን ያቆዩልኝ ነበር። አፈር አለብሳት ነበር! አንተ ባቡር ልታሳየኝ አመጣኸኝ?»

«ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! የድሮ ነገር ሊያይ አይደል የመጣው?»

ያደታ ክንዱን ያዘው። «በእናትህ፣ ሽማግሌዎቹ ተዘጋጅተዋል። ነገ ሲመጡ እንዳልሰማህ ሁንላቸው። መርዶ ነጋሪው ጋሼ ወልደሚካኤል ያፍራሉ።»

ጀማነህ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አስፈራው። «ስልኬን አምጣ።»

ለእትዬ ሂሩት ደወለ።

«ቤትዎ ሰው አለ?»

«አለ ልጄ፣ ጋሼ ወልደሚካኤልም እዚሁ ናቸው። ምነው፣ ድምፅህ?»

«ስፒከር ላይ ያድርጉኝ። ሁላችሁም ቁጭ በሉ። ነጠላችሁን አዘቅዝቁ፣ መርዶ አለኝ።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ።

«እህቴ እፀገነት ሞታለች» አላቸው። «ወንድሟ በሕይወት እያለ ሰው ቀበራት። እንግዲህ አልቅሱ።»