የማቀዝቀዣው ቀልድ

በረዶው የሚሉት የዓሣ መጋዘን ሠራተኛ በአማቶቹ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ፣ በሚስቱ ሁለት ወፋፍራም አጎቶች መሃል ተሰክቷል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ፣ ጉልበቱ ላይ ሰሃን። ሽንት ቤት መሄድ ቢያሰኘው እንኳ ቤተ ዘመዱን ማስፈቀድ አለበት።

«ጋሼ በረዶ» አለ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ «እስቲ ያቺን የማቀዝቀዣዋን ለእንግዶቹ ንገርልን።»

እንግዶቹ የልጁ እጮኛ ወላጆች ናቸው።

«ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ።»

«ተው እንጂ፣ ሕክምናህ እኮ ነው።»

ይህ ልጅ የሁለት ቀን የሥነ ልቦና ሥልጠና ወስዶ ምስክር ወረቀት ከተቀበለ ወዲህ ዘመዱ ሁሉ ታማሚው ሆኗል። አክስቱን ከቁጣ፣ ጎረቤቱን ከሐዘን ፈውሷል፤ ሁለቱም አሁን ሰላም አይሉትም። የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ክፍል ተዘግቶበት ለነበረው ለእህቱ ባል ያዘዘለት መድኃኒት ሳቅ ነው፦ የደረሰብህን እየሳቅክ ደጋግመህ ስታወራው ይለቅሃል። በረዶውም በሠርጉ በልደቱ ሲያወራው ከረመ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ስቆ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ እሱ ተመልሶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይገባል።

ሚስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው። ቀልዱን በቃሏ ታውቀዋለች። በእንቅልፉ ግድግዳ ሲደበድብ ቀስቅሳ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው የሚመልስላት ያንኑ ቀልድ ነው።

ጀመረ፤ ምን ያድርግ። በሩ ከኋላው እንዴት እንደተዘጋ፣ የውስጥ እጀታው እንዴት ተነቅሎ እጁ ላይ እንደቀረ፣ ዓሦቹን አንድ በአንድ እንዴት ሰላም እንዳለ። የልጁ እጮኛ እናት ከሳቋ ብዛት እንባዋን ጠረገች።

«ገና ምን አይታችሁ» አለ ልጁ። «እንዳይበርደው የጨፈረውን ያሳያችሁ። ተነሥ ጋሼ።»

አጎቶቹ ገለል አሉለት፤ ለጭፈራ ሲሆን ቦታ አይጠፋም። በረዶው ቆመ። ትከሻውን ከፍ አደረገ፤ ትከሻው እዚያው ቀረ።

«አልጨፈርኩም» አለ።

ሰዉ ጭራሽ ባሰበት፤ ተንከተከተ።

«እውነቴን ነው። መጀመሪያ በሩን ደበደብኩ። ከውጭ የሰው ኮቴ ይሰማኛል፤ እኔን የሚሰማኝ የለም። ከዚያ ድምፄ ተዘጋ። ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ፤ ብርዱ ተወኝ፤ ሞቀኝ። ደስ አለኝ። ሾፌሩ መጥቶ በሩን ሲከፍተው ተናደድኩበት። ዝጋው ልለው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

አሁን የሚስቅ የለም። አንደኛው አጎት ጉርሻውን ማኘክ አቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ክፍል እኮ ድሮ አልነበረም» አለ ልጁ። በሁለት ቀኑ ሥልጠና እዚህ ምዕራፍ ላይ አልደረሱም። «ለማንኛውም አዎንታዊ ጎኑን ብናይ...»

«አንተ ዝም በል» አለች እህቱ። መጥታ ባሏ ፊት ቆመች። «ያኔ እኔን አሰብከኝ?»

ሲሸሻት የኖረው ጥያቄ ይቺ ናት። ውሸቱ ተዘጋጅቶ አፉ ውስጥ ነበር፤ የልጁን እጮኛ እናት ዳግም የሚያስለቅስ፣ ጣፋጭ ውሸት።

«አላሰብኩሽም። ማንንም አላሰብኩም።»

ፊቷ ልውጥ አለ። መሬት መሬት አየች። ከዚያ አጎቷን «እስቲ ጠጋ በሉልኝ» ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ እሱንም እጁን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ የሞቀህ የትህ ጋ ነው?»

«እግሬ ጋ» አለ። «ከጣቶቼ ነው የጀመረው።»