ያቤጽ ወደ ተራራው የተመለሰበት ቅዳሜ

ያቤጽና ማርቆስ ሀዋሳ ታቦር ሰፈር አብረው ያደጉ፣ በአንድ የወጣቶች መዘምራን ውስጥ የዘመሩ ጓደኛሞች ናቸው። በተማሪነታቸው ትምህርት ሲዘጋ ብርድ ልብስ ተሸክመው ከወንዶ ገነት በላይ ያለውን ተራራ ይወጡና ድንኳን ተክለው ያድሩ ነበር። ያኔ የያቤጽ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል ይባልለት ነበር። ቆጮውን በሚያቃጥለው ዳጣ፣ እሸቱን፣ ከመንገድ የገዙትን እርጎ ደራርቦ በልቶ ሲስቅ ያመሻል።

ያ ሆድ ሥራ ከያዘ በኋላ ከዳው። አንዴ ቆርጦ ያጣድፈዋል፤ አንዴ ነፍቶ ያደርቀዋል። ሐኪሙ መርምሮ፣ "ቁስለትም ዕጢም የለብህም። አንጀትህ ግን ቁጡ ነው፤ የሚያስቆጣውን እያወቅክ አብረኸው ኑር" አለው። ኖረ፤ ከመጸዳጃ ቤት ሳይርቅ። ማርቆስ "እንውጣ" ባለው ቁጥር አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ለቅሶ ያመካኛል። ከሐይቁ ዳር ሆኖ ተራሮቹን ሲያይ ግን ልቡ ይሸፍታል፤ የእርጥቡ ሣር ሽታ፣ ድንኳኑን የሚደበድበው ዝናብ ይመጣበታል።

ባለፈው ጥቅምት ማርቆስ ቤቱ ድረስ መጣ።

"ተቀይመኸኝ ነው?" አለው። "እንዲህ የሚሸሽ የተቀየመ ሰው ነው።"

ያቤጽ አፈረ። ግን ጓደኛውን ማጣቱ ከሐፍረቱ ባሰበትና ሁሉንም ነገረው።

"ለዚህ ነው እንዴ! እኔ ስንቱን አሰብኩ መሰለህ! በል፣ ሆድህ የሚፈቅደውን ንገረኝ፤ እሱን ይዘን እንሄዳለን።"

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ የፈላ ውሃ፣ ሶፍት፣ ሳሙናና ትንሽ አካፋ ያዙ። በርበሬና ወተት ቤት ቀሩ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያቤጽን ላብ አጠመቀው። ከበታቻቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተንጫጩ ይወጣሉ።

"ማርቆስ፣ መጣብኝ።"

"አካፋውን ይዘህ ቁጥቋጦው ውስጥ ግባ፤ ከጅረቱ ራቅ በል። መንገዱን ለእኔ ተው።"

ማርቆስ ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱ መሃል ቆመና የዱሮ መዝሙራቸውን በዚያ ለዜማ በማይታዘዝ ድምፁ ለቀቀው። ተማሪዎቹ ቆመው ሰሙት። ያቤጽ ቁርጠት እንደያዘው ሳቁ መጣበት፤ ሳያስበውም ከቁጥቋጦው ውስጥ ይቀበል ጀመር።

"እዚያ የሚዘምረው ማነው?" አለች አንዷ።

"ጓደኛዬ ነው። ጸሎት ይዟል፤ አትረብሹት።"

ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ያቤጽ ተጣጥቦ ሲወጣ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ማታ ድንኳናቸው ደጅ ሩዛቸውን ይዘው ሲቀመጡ ከሩቅ የሀዋሳ መብራቶች ይበሩ ጀመር።

"ያኔ እኮ ይሄ ሁሉ ጨለማ ነበር" አለ ማርቆስ። "የዱሮው የእናንተ ቤት ከዚህ በየት በኩል ይሆን?"

"ከሐይቁ ወዲህ፣ መብራቱ ሳሳ ያለበት" አለ ያቤጽ። እናቱ ማታ ማታ በራፍ ላይ ቆማ ስሙን ስትጠራ ታሰበችው። ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል። ቢሆንም ጣቱን ቀስሮ ለጓደኛው አሳየው፤ ሁለቱም ወደዚያው እያዩ ሩዛቸውን በሉ።