ሽቦ የመረጡት ሰው

ልጄን ሎሚን ያቃጠላት እሳት አይደለም፤ አጥር ነው። ይህን ስናገር አንዳንዱ ይስቅብኛል። ከምንጭ ስትመለስ ያጠበችውን ነጠላዬን በሬዲዮው ማማ ዙሪያ በተወጠረው ሽቦ ላይ ልታሰጣ እጇን ብታነሳ፣ ሽቦው መዳፏን ጠበሰው። ጩኸቷን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ።

ማማው ከሲሬ ወጣ ብሎ፣ በነቀምቴ መንገድ፣ ጉብታው ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ አጥሩን የሠራነው እኛ ነበርን። የጣቢያው ቴክኒሻን ማዘንጊያ ሰብስቦን፣ "እንጨት ብቻ አምጡ። ማማው ሲሠራ በአጠገቡ የተወጠረ ሽቦ ኃይሉን ይስባል፤ የነካውን ያቃጥላል" አለን። በደቦ ልማዳችን ለየቤቱ ድርሻ ተሰጠ። እኔ ባሌ ስለሞተብኝ የሚያግዘኝ አልነበረም፤ የቤቴን የጥድ እንጨት በትከሻዬ ወደ ጉብታው አወጣሁ፤ በምንጩ በኩል ያለውን ድርሻዬን ቆፍሬ አቆምኩ። እንዳይቀየርብኝ በእያንዳንዱ እንጨት አናት ላይ በመጥረቢያ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁበት።

ከዚያ የጣቢያው ሹም አቶ ገብረክርስቶስ መጥተው አዩት። "ይህ የከብት በረት ነው" አሉ። "ለምረቃው ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ።" አጥራችን ተነቀለና የሚያብረቀርቅ ሽቦ ተወጠረ። እንጨታችን የት እንደገባ ያኔ አልጠየቅንም።

በማግስቱ የሎሚን እጅ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሳይሰጣ እርጥቡን ያደረውን ነጠላዬን እንደያዝኩ ወደ ጣቢያው ወጣሁ። ጎረቤቴ ኦቦ ነገራ "ብቻሽን አትሄጂም" ብለው ተከተሉኝ። ሹሙ በሩ ላይ ቆመዋል።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ" አሏቸው ኦቦ ነገራ።

"ደህና። ምንድን ነው?"

"የልጄ እጅ ነው" ብዬ ጨርቁን ፈታሁ። ሎሚ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረች።

አየት አድርገው ዞር አሉ። "ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ልጅሽ ማንበብ ካልቻለች አንቺ አንብቢላት።"

"አንብቤላታለሁ።" ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያን ከትልልቆች ጋር ፊደል እማራለሁ፤ ያንን ሰሌዳ ከሎሚ ጋር ቆሜ አንድ በአንድ ለቅሜዋለሁ። "'ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው' ይላል። አልገባችም። ውጭ ቆማ ነው ያሰጣችው። ሽቦው ያቃጥላል የሚለው የቱ ጋ ነው?"

"የመንግሥት አጥር የልብስ ማስጫ ነው እንዴ?"

"እዚህ አገር አጥር ሁሉ ማስጫ ነው" አሉ ኦቦ ነገራ። "የእኔ አጥር ላይ የጎረቤት በርበሬ ሳይቀር ይሰጣል። ልብስ የማይሰጣበት አጥር ያመጡልን እርስዎ ነዎት።"

ማዘንጊያ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣ። የሎሚን መዳፍ ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። "ነግሬዎት ነበር፣ ጌታዬ" አለ።

"አንተ ሥራህን ሥራ። ከምረቃው በኋላ ይታያል።"

ከምረቃው በኋላ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየቀኑ በዚያ ሽቦ ሥር ወደ ምንጭ ይወርዳል። የሹሙን አንገት ላንቅ ቃጣኝ። ዓይኔ ሲንከራተት ከኋላቸው ያለውን ቤታቸውን አየሁ። ከማማው ጥግ ነው፤ ልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ዙሪያው በእንጨት ታጥሯል። በሩ አጠገብ በቆሙት እንጨቶች አናት ላይ የመጥረቢያዬ መስቀለኛ ምልክት አለ።

"አቶ ገብረክርስቶስ፣ ያ የእኔ ጥድ ነው" አልኩ። "ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለልጆችዎ እንጨት መረጡ፤ ለልጄ ሽቦ።"

"አፍሽን ሰብስቢ።"

"እሰበስባለሁ። እርስዎ ብቻ ይህን ነጠላ ሽቦው ላይ ያስጡልኝ።"

ነጠላውን ዘረጋሁላቸው። ከምንጭ የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው ያያሉ። ሹሙ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ኦቦ ነገራ ሳቅ አሉ። "ተያቸው፣ አዴ ድርቤ። ሽቦው ለእንግዶቹ ነው። በምረቃው ቀን ደክሟቸው ደገፍ ሲሉ ይሞቃቸዋል።"

ሹሙ መጀመሪያ ወደ ሽቦው፣ ቀጥሎ ወደ ማዘንጊያ አዩ። "እንግዶቹንም ይይዛል?"

"ሽቦ ሰው አይመርጥም፣ ጌታዬ።"

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በመጨረሻ፣ "ጣቢያው ሲዘጋ ንቀሉት" አሉ።

እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሴቶቹም እልል ብለዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የልጄ እጅ ያላስነቀለውን ሽቦ፣ ገና ያልመጡ እንግዶች እጅ አስነቀለው።

ከሰዓት በኋላ ማዘንጊያ ጣቢያውን ዘግቶ ሽቦውን ሲጠቀልል፣ እኛ የሹሙን አጥር ነቅለን እንጨታችንን መለስን። ሚስታቸው ደጃፍ ወጥተው አዩን፤ አልከለከሉንም። ድርሻ እንደገና ሲደለደል ኦቦ ነገራ፣ "እርስዎም የሰፈራችን ሰው ነዎት፤ ድርሻ አለዎት" አሏቸው። ሹሙ ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ እየጠበቃቸው ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ከእኔ ድርሻ ጎን ያለውን ቆፈሩ።

ሎሚ ልብስ የምታሰጣው አሁን ሣር ላይ ነው፤ የእኛም አጥር ቢሆን አትጠጋም። እኔ ወደ ምንጭ ስወርድ ነጠላዬን እንጨቱ ላይ ጥዬ፣ የሹሙን ድርሻ አንድ በአንድ እነቀንቃለሁ። የላላ ካገኘሁ በራቸውን አንኳኳለሁ።