የሰፍደር ትንንሽ አበቦች

ባለቤቴ ሰፍደር ከተደቆሰ ወረቀት በተሠሩ ሣጥኖች ላይ አበባ መሳል ከጀመረ አርባ ዓመቱ ነው። እኛ ከተማ ስሪናጋር ውስጥ ባለሙያ የሚለካው በአበባው ትንሽነት ነው። ትልቅ አበባ የሚስል ገና ተማሪ ነው ይባላል። ስለዚህ የሰፍደር አበቦች እያነሱ ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ አደነቀው። ነጋዴው መቅሱድ አንዱን ሣጥን በማጉሊያ መነጽር እያየ፣ «ማሻ አላህ ኡስታ! እጅዎ በስተርጅና ተባረከ!» አለው። ኡስታ የምንለው የሙያውን ጌታ ነው። እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ፎከርኩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ፊቱ ነበር። ቀልድ ብነግረው አይስቅ፣ ብሰድበው አይቆጣ። አንድ ቀን ጎመኑ አሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እሱ ሥራው ላይ ነው።

«አይሸትህም?» አልኩት።

«ምኑ?» አለኝ።

ቀኝ እጁ ሥራ ፈቶ ጭኑ ላይ ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሽ ሲይዝ ይተወዋል። ብርድ ነው ብዬ የፍም ማሰሮውን ከካባው ሥር አስታቅፈዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሰለቸሁት መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን አሁን ጠላኝ ብዬ ተደብቄ አልቅሻለሁ።

በረዶው ሲቀልጥ ጉልበቴን ላሳይ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ እሱም አጀበኝ። ዶክተር ራፊያ የኔን ጉልበት ትታ እሱን ማየት ጀመረች።

«አባባ፣ እስኪ እስከ ግድግዳው ሄደው ይመለሱ።»

«ልጄ፣ ታማሚዋ እኔ ነኝ እኮ!»

«ጉልበትዎ የትም አይሄድም እማማ።»

ሰፍደር እግሩን እየጎተተ ሄደ፤ ቀኝ ክንዱ ከጎኑ የተሰፋ ይመስል አልወዛወዝ አለ። ከዚያ ወረቀት ሰጥታ በአንድ መስመር አበባ እንዲስል አደረገችው። የመጀመሪያው ለውዝ ያክላል፣ የመጨረሻው ሰናፍጭ።

«አየሽልኝ ሙያ!» አልኳት።

«ይሄ ሙያ አይደለም እማማ። ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም ነው። ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ንጥረ ነገር አንጎላቸው ውስጥ እያነሰ ነው። የእጅ ጽሑፍ ያሳንሳል፣ ማሽተት ይወስዳል፣ ፊትንም ያደርቃል። ውስጣቸው ቢስቅም ፊታቸው ላይ አይወጣም።»

ወደ ሰፍደር ዞርኩ። «ትስቅ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለኝ በቀጠነች ድምፁ። «አንቺ እኮ ታስቂኛለሽ።»

እዚያው ወንበር ላይ ተንሰቀሰቅኩ። ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ኖሬያለሁ። የእጁን ነገር ለራሱ ተውኩለት፤ እኔ የፈለግሁት ያንን ፊት መልሶ ማየት ነበር።

ዶክተሯ ያዘዘችለትን ክኒን በባዶ ሆድ ይዋጥ ብላኝ ነበር። ብርቱ መድኃኒት ባዶ አንጀት ያቃጥላል ብዬ በጎድጓዳ ሳህን ሙሉ እርጎ አስዋጥኩት፤ አቅም እንዲያገኝ ደግሞ ሥጋ ጨመርኩለት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብ የሚል ነገር የለም። በንዴት ክኒኑን ይዤ ሄድኩባት።

«በምን እያስዋጧቸው ነው?» አለችኝ። ስነግራት ራሷን ያዘች። «እማማ፣ እርጎውና ሥጋው መድኃኒቱን መንገድ እየዘጉበት ነው! ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት፣ በውሃ ብቻ። ሕመሙን አያጠፋውም፤ ግን ያቀልላቸዋል። በየቀኑም ክንዳቸውን እያወዛወዙ ይራመዱ።»

ከዚያ በኋላ ማለዳ ተነስቶ ውሃና ክኒኑን ይወስዳል፤ የጨው ሻዩና ዳቦው አንድ ሰዓት ይጠብቁታል። በሐይቁ ዳር ስንራመድ «ክንድህን!» እያልኩ እጮህበታለሁ። በወር ከምናምኑ እርምጃው ረዘመ፣ አበቦቹም ሰፉ። ፊቱ ግን እንደደረቀ ነው። እኔም በየቀኑ ቀልድ እየፈለግሁ ሳቁን እጠብቅ ነበር።

መቅሱድ አዲሱን ሣጥን ሊወስድ መጥቶ ደነገጠ። «ኡስታ፣ ምን ነካዎት? ይሄማ የተማሪ አበባ ነው!»

መታመሙንና መድኃኒት መጀመሩን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ወደ ሰፍደር ጠጋ አለ። «ታዲያ ይሄ ትእዛዝ እስኪያልቅ ክኒኑን ቢያቆሙትስ? እጥፍ እከፍላለሁ።»

የጎመን መክተፊያ ቢላዬን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። ሰፍደር ቀደመኝ።

«ስማ መቅሱድ፣ ትንንሾቹን ሲስል የነበረው በሽታዬ ነው። ለጊዜው ከቤት አስወጥቼዋለሁ። መንገድ ላይ ካገኘኸው እሱን እዘዘው!»

ብሎ ሳቀ። ጉንጩ ተነሳ፣ ዓይኑ ጠበበ፣ የወለቁት ጥርሶቹ ቦታ ሳይቀር ታየ። መቅሱድ ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማሁም፤ ባሌን እያየሁ ነበር።