ናጅዋ ብልጭታውን ከማብራቷ በፊት

ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር የሚሠራ ሰው ካለ ወይ ያበደ ነው ወይ ናጅዋ ናት። እኔ ጭማቂ ቤቴ ውስጥ ማራገቢያ ስር ተዘርሬ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ኮምፒውተር ቤቷ ውስጥ ቁልፎቹን ስትቀጠቅጥ ይሰማኛል። ከአሊዩ አምባ የመጣች፣ ሰው ፊት ድምፅዋ የማይወጣ ልጅ ናት። ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር። ዝም የሚል ሰው አልወድም፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም።

ለካ ስታስብ የከረመችው ብልጭታውን ነው። ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ ሲያነብ፣ የገጹ ዳር ዳር ብርሃኑ ከፍ ዝቅ እያለ እንዲርገበገብ አደረገችው።

«አንጎላችን የራሱ ሞገድ አለው፣ እትዬ እቴነሽ» አለችኝ፣ ስታሳየኝ ጊዜ ፊቴን ባኮሳትርባት። «ብርሃን በልክ ሲርገበገብለት ምቱን ይከተላል። ሲዘገይለት ይረጋጋል፣ ሲፈጥንለት ይነቃል ይላሉ።»

«ታዲያ ይሠራል?»

«እኔን ሐሳቤን የሰበሰበልኝ ይመስለኛል። ለሌላው ሰው ገና አላውቅም፤ እየሞከርኩ ነው።»

ይቺን መልሷን ወደድኩላት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ከራስ ምታት እስከ ሆድ ድርቀት ያድናል ብሎ በድምፅ ማጉያ ያስለፍፍ ነበር።

ወሬው ግን ቀደማት። ተማሪዎቹ ትምህርት ያስገባል አሉ። ቃሚዎቹ ደግሞ ምርቃና ያፋጥናል ብለው፣ የሽንኩርት ደላላውን ዘላለምን ከፊት አስቀድመው፣ ጫታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ከምሳ በኋላ እዚያ መጎለት ጀመሩ። «ዛሬ ስክሪኑ ቶሎ ያዘኝ» ይላል ዘላለም ጉንጩን ወጥሮ። ናጅዋ የያዘህ ጫቱ ነው ብትለው ማን ይሰማታል።

ብልጭታውን ከማብራቷ በፊት ግን ሁሉንም አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ወድቀው ያውቃሉ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለብዎት ወይ፣ ካለ ይህ ብርሃን ሊጥል ይችላል ትላለች። ሁሉም የለብኝም ይላል። ዘላለምማ «እኔን የሚጥል ገና አልተወለደም» ብሎ ቤቱን አሳቀ። እኛ አገር ይህን ጥያቄ ሰው ፊት ጠይቀሽ አዎን የሚልሽ ማን አለ?

እኔ ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ልጄን ሐይማኖትን ያማታልና። የምናውቀው እኔ፣ አባቷና ሐኪሟ ብቻ ነን። የሚጥል በሽታ እንዳለባት የታወቀች ልጅ የሚያገባት አታገኝም፤ በወደቀች ቁጥር ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ስር የሚያጨስባት ግን ሞልቷል። ሐኪሟ የሚርገበገብ ብርሃን እንዳታይ አስጠንቅቆናል። ሆኖም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል፣ ጓደኞቿ ሁሉ ናጅዋ ቤት ናቸው፣ ለምን ቀረሽ ሲሏት የምትመልሰው የላትም። አትሄጂም ብያት ነበር። አንድ ከሰዓት ማንጎ ልገዛ ወጣ ስል ሄደች።

ተመልሼ ባጣት እየሮጥኩ ናጅዋ ቤት ስደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ናጅዋ ከኋላዋ ቆማ ጥያቄዋን እየጠየቀቻት ነው።

«የለብኝም» አለች ልጄ።

«ሐይማኖት፣ ነይ፣ ሥራ አለ» አልኩ ከበሩ ላይ።

«ስጨርስ እመጣለሁ» አለች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በሩ አጠገብ እትዬ ጣይባ ጅዳ ያለችውን እህቷን በቪዲዮ ታናግራለች። ለልጇ ለሙጂብ ናጅዋን ለመጠየቅ የፊታችን እሁድ ሽማግሌ ልትልክ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ልጄን ጎትቼ ላውጣት ብል የሚያይ ዓይን አለ፤ ዝም ብል ደግሞ ልትወድቅ ትችላለች። የበሩን መቃን አጥብቄ ያዝኩ። ናጅዋ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ልጄን አየቻት። እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች።

«እኔን ያመኛል» አለች።

ለማን እንደተናገረች ሳይገባን ቀጠለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኛል። ክኒን እውጣለሁ። አዲስ አበባ ወስደውኝ ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ አጣብቀው፣ ፊቴ ላይ መብራት እያርገበገቡ መረመሩኝ። የአንጎሌ ሞገድ መብራቱን ሲከተል ያየሁት ያኔ ነው፤ ይህን የሠራሁትም ከዚያ ተነስቼ ነው። እኔን ብርሃን አይጥለኝም፣ ተረጋግጦልኛል። የሚጥለው ሰው ግን አለ። ራሴ ተደብቄ እናንተን እውነቱን ንገሩኝ ማለቴ ልክ አልነበረም።»

ዘላለም ማላመጡን አቆመ። እትዬ ጣይባ እህቷን ሳትሰናበት ስልኳን ዘጋች፣ ቦርሳዋን አነሳች። «አላህ ያሽርሽ፣ ልጄ» ብላ ወጣች። ክፋት አልነበረባትም፤ ግን ወጣች። ናጅዋ ስትወጣ አየቻት፣ ምን ማለት እንደሆነም አወቀች፣ ከተናገረችው ግን አንዲት ቃል አላጠፈችም።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ጎበዝ ነን ባይ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ልጅ ያለ ግን አላየሁም። ለማትዛመዳት ልጅ ብላ፣ ትዳሯን እንደሚያሳጣት እያወቀች ነው የተናገረችው። አፌ ራሱ ተከፈተ።

«የኔንም ልጅ ያማታል» አልኩ።

ሐይማኖት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። ናጅዋ መሀላችን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ምንም አላለችም። ያን ቀን ዝምታዋን ወደድኩት። ዘላለም ጫቱን ጠቅልሎ ወጣ፤ በማግስቱ ተመልሶ፣ ብልጭታ የሌለው ወንበር ስጪኝ አላት። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም።

እሁድ አለፈ። ሰኞ ወደ ናጅዋ ቤት ብቅ አልኩ።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ቀሩ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ጣይባን እስከ ሰባት ትውልዷ ልራገም ስጀምር፣ «ይተዉት፣ እትዬ» ብላ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

ቤቱ እንደወትሮው ሙሉ ነው። ሐይማኖት ጥግ ላይ፣ ብርሃኑ የማይርገበገበው ኮምፒውተር ጋ፣ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። ናጅዋ ወደ እሷ ዞረች፤ ምሳ በላሽ ወይ ብሎ በሚጠይቅ ሰው ድምፅ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ክኒንሽን ዋጥሽ?» አለቻት።

«ውጫለሁ» አለች ልጄ አንገቷን ሳትደፋ። «አንቺስ?»